የዋስ ቃል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን አመሻችሁ?

«እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁኝ። አያችሁ፣ ንግግሬን ሳልጀምር ርእሴ ውስጥ ገብተናል። እኔ ጠየቅሁ፣ እናንተ መለሳችሁ፤ እንዴት እንዳመሻችሁ ግን እስካሁን አላወቅሁም። ከመካከላችሁ ዛሬ ከሥራው የተሰናበተ ሊኖር ይችላል። ልጇን አስተኝታ፣ ትኩሳቱ በርዶለት እንደሆነ እያሰበች የተቀመጠች እናት ትኖር ይሆናል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላለች። ሰላምታችን እጅግ ያማረ ነው። ችግሩ ጠያቂው መልሱን አለመጠበቁ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መልካም ንግግር ነው። ሰው ይህን ርእስ ሲሰማ «አትሳደቡ፣ ቃላችሁን አለስልሱ፣ ፈገግ በሉ» የሚል ምክር ይጠብቃል። ምክሩ አይከፋም፤ ግን ያንሳል። ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርስቲያን መሆን ባላስፈለገ ነበር፤ ጨዋ ሰው በየእምነቱ ሞልቷል። እኔ እንደሚገባኝ ክርስቲያን ለሰው የሚናገረው መልካም ቃል ዋስትና ነው። ዋስ ምን እንደሆነ ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ዋስ ስለ ሰውየው ጥሩ ጥሩውን አውርቶ የሚሄድ አይደለም፤ ሰውየው ቢጠፋ እሱ የሚጠየቅ ነው። ስሙን አስይዟል።

ሁለት ቃሎች

ከራሴ ልጀምር። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ተብታባ ነበርኩ። የአማርኛ መጽሐፍ ቆሜ እንዳነብ ስታዘዝ አንዷ ፊደል ላይ እጣበቃለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል። አንድ ቀን መምህሬ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ «ተወው፣ ቁጭ በል፤ አንተ ለንባብ አልተፈጠርክም» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰባ ልጅ የሚያስተምር፣ የደከመው ሰው ነበር። ምናልባት ማታ ቤቱ ሳይገባ ረስቶታል። እኔ ግን ሽበት ካወጣሁም በኋላ ድምፁን፣ የቆመበትን ቦታ፣ ጣቶቹ ላይ የነበረውን የጠመኔ ብናኝ ሳይቀር አስታውሳለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የአንዲት እናት ልጅ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዶ ነበር። ደብዳቤው በሁለት ወር አንዴ ይመጣል። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ቀን የሚያነብላቸው ሰው ሲጠፋ እናቴ እኔን ላከችኝ። ቡና እየቆሉ ደረስኩ። ምጣዱን ከእሳት አወረዱ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጠውኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «ለውድ እናቴ» የሚለው ላይ ተያዝኩ። «ለ… ለ… ለ…»። ቀና ብዬ አየኋቸው። አልሳቁም፤ ቃሉን ቀድመው አልጨረሱልኝም። «ቀስ በል፣ የኔ ጌታ። እኔ ሁለት ወር የጠበቅሁ ሴት፣ አንተን ጥቂት ብጠብቅ ምን እሆናለሁ?» አሉኝ።

እንደምንም ጨረስኩት። እንደገና አስነበቡኝ። ለሦስተኛ ጊዜም አስነበቡኝ፤ በሦስተኛው አልተያዝኩም። «አንተ ስታነበው ልጄ እበሩ ላይ የቆመ ነው የሚመስለኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለመንደሩ ሁሉ «ደብዳቤ የመጣላችሁ የኔን አንባቢ ጥሩ» ይሉ ጀመር።

እኚህ እናት «ጎበዝ ነህ» አላሉኝም። መንተባተቤን አልካዱም፤ አላየሁም ብለውም አላስመሰሉም። መጀመሪያ ጠበቁኝ። ቀጥሎ በመንደሩ ፊት ዋስ ሆኑኝ። ብንተባተብ የሚያፍሩት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት በዚያ ዋስትና ነው።

ዮሴፍ የሚባል የቆጵሮስ ሰው

ይህ የዋስነት ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቁልጭ ብሎ የሚታየው የሐዋርያት ሥራ ላይ፣ በአንድ ሰው ነው። አገሩ ቆጵሮስ፣ ወገኑ ሌዋዊ፣ ስሙ ዮሴፍ። ሐዋርያት ግን በርናባስ አሉት፤ የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስም የመጽናናት ልጅ ማለት እንደሆነ ተርጉሞ ጽፎልናል። በአገራችን ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እንደተባሉ ሰው በግብሩ የፈረስ ስም ይወጣለታል። ሐዋርያት ለዚህ ሰው ያወጡለት የፈረስ ስም ግን ጦር ሜዳ የተገኘ አይደለም። ከአንደበቱና ከእጁ የተገኘ ነው። ከእጁም ያልኩት አለምክንያት አይደለም፤ መጀመሪያ የምናየው እርሻውን ሸጦ ዋጋውን በሐዋርያት እግር ሥር ሲያኖር ነው። ቃሉ ኪስ ነበረው።

ሁለተኛ የምናገኘው ምዕራፍ 9 ላይ ነው። ሳውል ኢየሩሳሌም ገብቷል። እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹ ልብስ እግሩ ሥር የተቀመጠለት፣ በየቤቱ እየገባ ወንዱንም ሴቱንም ወደ ወህኒ የጎተተ ያ ሳውል። «አምኛለሁ» ይላል። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት። አትፍረዱባቸው፤ ሰው ያሳሰረ ሰው አንድ ቀን ደጃችሁን አንኳኩቶ «ወንድማችሁ ሆኛለሁ» ቢላችሁ በር ትከፍታላችሁ? በርናባስ ከፈተ። ይዞት ወደ ሐዋርያት ሄደና ጌታን በመንገድ ላይ እንዴት እንዳየ፣ በደማስቆም እንዴት በድፍረት እንደሰበከ ተረከላቸው። በርናባስ ተሳስቶ ቢሆን የሚጠፋው የሳውል ስም አልነበረም፤ እሱማ ቀድሞም ጠፍቷል። የሚጠፋው የበርናባስ ስም፣ ከዚያም አልፎ የወንድሞቹ አንገት ነበር።

ሦስተኛው አንጾኪያ ነው። አሕዛብ እያመኑ ነው ሲባል የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን በርናባስን ላከችው። እኛ ብንላክ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን የጎደለውን እንለቅም ነበር፤ አዲስ አማኝ ደግሞ ጉድለት አያጣም። እሱ እንደደረሰ ያየው የእግዚአብሔርን ጸጋ እንደሆነ ሉቃስ ይናገራል። አየ፣ ደስ አለው፣ ከዚያ በኋላ መከራቸው። ቅደም ተከተሏን ልብ በሉልኝ፤ ምክሩ የመጣው ከደስታው በኋላ ነው። ሥራው ሲሰፋም ብቻዬን ልግነንበት አላለም። ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ሳውልን ፈልጎ አመጣና ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ። «ክርስቲያን» የሚለው ስማችን መጀመሪያ የተሰማው በዚያች ከተማ ነው።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ዮሐንስ ማርቆስ የሚባል ወጣት ነበር። የእናቱ የማርያም ቤት ኢየሩሳሌም ውስጥ ምእመናን ተሰብስበው የሚጸልዩበት ነበር። በኋላ ጳውሎስ ከተባለው ከሳውልና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጣ፤ ጵንፍልያ ውስጥ ጴርጌን ሲደርሱ ትቷቸው ተመለሰ። ናፍቆት ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ ሕመም ይሁን አልተጻፈም። ለሁለተኛው ጉዞ በርናባስ «ይምጣ» ሲል ጳውሎስ «አይሆንም፤ መንገድ ላይ የተለየን ሰው» አለ። ክርክሩ እስከ መለያየት አደረሳቸው። ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ሄደ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ተሻገረ።

ከእናንተ መካከል «ዘመዱ ስለሆነ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዘመዳሞች እንደነበሩ የቈላስይስ መልእክት ይነግረናል። ይሁን። ፍጻሜውን ግን እንይ። ጳውሎስ ታስሮ፣ ጓደኞቹ ተበትነው፣ ዕድሜው ሲያልቅ ለጢሞቴዎስ ከጻፈው መልእክት ውስጥ አንድ አደራ አለ፤ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል የሚል ነው። በአንድ ወቅት አልቀበለውም ያለውን ሰው በስሙ ጠርቶ ለመነ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይምሰላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ያ ከጴርጌን የተመለሰ ወጣት ወንጌላዊው ማርቆስ፣ የእስክንድርያን መንበር የመሠረተው ነው። በዚያ መንበር የተቀመጠው አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ላከልን። ከዚያ ወዲህ፣ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስኪሆኑ ድረስ፣ ወደ 1600 ዓመት ለሚጠጋ ዘመን ሊቀ ጳጳሳችን የሚመጣው ከማርቆስ መንበር ነበር። በርናባስ «አንዴ የተመለሰ ሁልጊዜም ይመለሳል» ብሎ ቢተወውስ? እግዚአብሔር መንገድ አያጣም። ለእኛ የደረሰን መንገድ ግን ለአንድ ላፈረ ወጣት በቆመ ዋስ በኩል ያለፈ ነው።

ጠበቃና ከሳሽ

ሉቃስ የበርናባስን ስም የተረጎመበት የግሪክኛ ቃል «ፓራክሌሲስ» ነው። ማጽናናትን፣ ማበረታታትን፣ መምከርን ባንድነት ይይዛል። ለጆሯችሁ እንግዳ አይደለም። ከትንሣኤ በኋላ በ50ኛው ቀን የምናከብረው በዓል ጰራቅሊጦስ ይባላል፤ መንፈስ ቅዱስም በዚሁ ስም ይጠራል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጰራቅሊጦስ ማለት ጎን ይቆም ዘንድ የተጠራ ማለት ነው። ስለዚህም በዮሐንስ ወንጌል አጽናኝ፣ በዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ደግሞ፣ ስለ ክርስቶስ ሲነገር፣ ጠበቃ ተብሎ ወደ አማርኛ ተመልሷል።

አሁን ደግሞ የወዲያኛውን ስም እንይ። ዲያብሎስም የግሪክኛ ቃል ነው፤ ከሳሽ፣ ስም አጥፊ ማለት ነው። የዮሐንስ ራእይም የወንድሞች ከሳሽ ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ ችሎቱ ላይ ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከጎን ይቆማል፣ ሌላው ከፊት ሆኖ ጣቱን ይቀስራል። አፋችንን በከፈትን ቁጥር ከሁለቱ ለአንዱ እንሠራለን።

የሚያስፈራው ነገር ከሳሹ ሁልጊዜ ውሸታም አለመሆኑ ነው። ማርቆስ በእርግጥ ተመልሷል። ሳውል በእርግጥ አሳዷል። እኔም በእርግጥ ተብታባ ነበርኩ። «እኔ እኮ እውነቱን ነው የተናገርኩ!» የሚለው መከላከያችን ስለዚህ ብዙ አያስኬድም። ከሳሽና ጠበቃ የሚያነብቡት አንድ መዝገብ ነው። ከሳሽ «መዝገቡ ይዘጋ» ይላል፤ ጠበቃ «ቀጠሮ ይሰጠን» ይላል። ማበረታታት ማለት፣ ወገኖቼ፣ ለሰው ቀጠሮ መለመን ነው።

ሀብታም ቋንቋ፣ ንፉግ አፍ

በዚህ ነገር ድሆች ነን እንዳንል ቋንቋችን ይከሰናል። ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ላዘነ «እግዜር ያጥናህ»፣ ላነጠሰ «ይማርህ»፣ ለደከመ «አይዞህ» እንላለን። እጅ ያስታጠበ ልጅ «እደግ፣ ተመንደግ» ተብሎ ይመረቃል። ሰው ሲገባ ብድግ ብለን «ኖር» ስንል «በእግዜር» ይለናል። የሚሰጠው ያጣ ሰው እንኳ ደጁ ላይ የቆመውን የቆሎ ተማሪ ባዶ እጁን የሚሸኘው «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ነው፤ ክልከላው ራሱ በምርቃት ተጠቅልሎ ይወጣል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያለ ሕዝብ ነን።

ግን እነዚህ ቃላት ለማንም የሚታደሉ ናቸው፤ ያነጠሰ ሁሉ «ይማርህ» ይባላል። «አንተን አየሁህ፤ ይህን አድርገሃል» የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ እንነፍጋለን። ልጅ ካርዱን ይዞ እየሮጠ ይገባል። «ስንተኛ ወጣህ?» «ሦስተኛ!» «አንደኛ የወጣው ሁለት ጭንቅላት አለው?» ልጁ ከበር እስከ ሶፋ ድረስ ይዞት የመጣው ደስታ እዚያው ፈሰሰ። ባል ወጡ ሲጣፍጥ ዝም ብሎ ይበላል፤ ጨው የበዛ ዕለት አንደበቱ ይፈታል። ሚስትም ባልየው ቧንቧውን የጠገነ ቀን ሳይሆን የረሳው ቀን ነው የምትናገረው። «ፊት ለፊት ማመስገን ያበላሻል» የሚል ትምህርት ወርሰናል። ከዚያ ሰውየው ይሞትና የሕይወት ታሪኩ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ደግ ነበር፣ ታታሪ ነበር፣ ለልጆቹ ሲል ራሱን የረሳ ነበር። ሁሉም ያለቅሳል። ሰማዩ ይሰማው ይሆናል፤ ሟቹ ግን በሕይወት ሳለ አንዲቱንም አልሰማም። ካልሞቱ ወይ ካልሄዱ አይመሰገኑም ያለው ተናጋሪ እኛን እያየ ነው የተናገረው።

ሄዱ ስል የሄዱትም ትዝ አሉኝ። ቤሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ሌሊት አሠሪዎቿ ሲተኙ ስልክ ትደውላለች። የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል «ብሩ እኮ ገና አልገባም» ከሆነ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ነገር ውስጧ ይዘጋል። «በልተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ?» ከሆነ ግን ነገ ማለዳ ለመነሣት አቅም ታገኛለች። እንዲህ ያለች ጥያቄ ገንዘብ አታስወጣም።

ሌላም ሕመም አለብን፤ አሽሙር። እኛ በግልጽ መሳደብን እንንቃለን፤ ሰምና ወርቅ አድርገን መውጋት ግን ጥበብ ይመስለናል። «ዛሬ እንኳ በጊዜ መጣህ!» ሰሙ ምስጋና ነው፣ ወርቁ ጩቤ። ተወጊው «ምን አልክ?» ቢል «አመሰገንኩህ እንጂ ምን አልኩ?» ይባላል። ይህ አመል ዛሬ ከቡና ጠጡ ወጥቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ገብቷል። መንደር ውስጥ ሃያ ሰው ይሰማው የነበረ ሽርደዳ ሃያ ሺህ ሰው ይስቅበታል፤ የተወጋው ሰው ግን ዛሬም አንድ ነው።

ቅዱስ ያሬድን አስቡት። በገድሉ እንደሚተረከው ትምህርት አልገባው ብሎ፣ መምህሩ አጎቱ ጌዴዎን ቢገርፈው ሸሽቶ ወጣ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትሞክር፣ በመጨረሻም ጫፍ ስትደርስ አየ። ከዚያ ተመለሰ፤ መምህሩም ተቀበለው። የዜማችን ሁሉ አባት የሆነው እንዲህ ነው። ይህን ታሪክ ስለ ጽናት እየነገርን አድገናል። እኔ ግን አንዳንዴ ሌላ ጎኑ ይታየኛል፤ በዚያች ሰዓት ያሬድን «አይዞህ» ያለው ሰው ሳይሆን ትል ነው። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የተቀመጠ ልጅ አለ። ሁሉም ትሏን አያገኛትም።

ውዳሴ ከንቱ አይደለም

አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱን አጥብቀው የሚፈሩት በምክንያት ነው። ሽንገላና ማበረታታት ከሩቅ ይመሳሰላሉ። እኔ የምለያቸው እንዲህ ነው። ሸንጋይ የሚናገረው ከሰውየው የሚፈልገው ስላለ ነው፤ ዋስ የሚናገረው ለሰውየው የሚፈልገው ስላለ ነው። ሸንጋይ በጅምላ ያወራል፤ «አንተን የሚያህል የለም» ይላል። ዋስ ያየውን ይጠራል፤ «ትናንት አዛውንቷን ሰልፉ ፊት ስታስቀድማቸው አይቼሃለሁ» ይላል። የመጀመሪያው ያሳብጣል። ሁለተኛው ሰውየውን ነገም እንዲደግመው ያደርገዋል፤ የሠራው ሥራ የሚታይ መሆኑን አውቋልና።

የዋህ አንደበት የራሱ አደጋ እንዳለው አልደብቃችሁም። በርናባስም ወድቆበታል። አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ሰው ፈርቶ ሲተው፣ ሌሎች አይሁድ ተከተሉት፤ በርናባስም ሳይቀር እንደተሳበ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ጽፏል። ሰውን ማስከፋት የማይወድ ሰው አንዳንዴ ዝም ባይባልበት በሚሻለው ነገር ዝም ይላል። ያን ዕለት ለአሕዛብ ምእመናን ዋስ የሆነው ጳውሎስ ነበር፤ ጴጥሮስን በሰው ፊት ተቃወመው። ስለዚህ ደግ ንግግር ማለት እውነትን መዋጥ አይደለም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሲገሥጽ አንዲት ጠቦት የነበረችውን ድሃ ታሪክ ነው የተረከለት፤ ንጉሡ በራሱ አፍ እስኪፈርድ ጠበቀው። ተግሣጹ ከባድ ነበር፤ ግቡ ግን ዳዊትን ማንሣት ነበር። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሲጽፍ ጠባቸውን፣ ክፍፍላቸውን፣ ነውራቸውን አንድ በአንድ ሊዘረዝር ነው፤ መልእክቱን የጀመረው ግን ስለ እነሱ እግዚአብሔርን በማመስገን ነው። ማታለያ አይደለም። ጸጋውን ያላየህበትን ሰው ጉድለት ለመናገር ፈቃድ የለህም ማለቱ ይመስለኛል።

ከቁርባን የወጣ አፍ

ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ፣ አንደበትም እንደሚጾም ከልጅነታችን ተምረናል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ አንድ የምታውቁትን ነገር ላሳያችሁ። ቆርቦ የወጣ ሰው አይታችኋል? በነጠላው አፉን ሸፍኖ ነው የሚወጣው። ጸበል ይጠጣበታል፤ ያን ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም። የተቀበለው ቅዱስ ነገር ከአፉ ጋር አብሮ እንዳይወጣ ይጠነቀቃል። እንዴት ያለ ትሕትና ነው! እንግዲህ ያው ሰው ቤቱ ገብቶ ቡናው ስለዘገየ ሠራተኛዋን «አንቺ ደንባራ!» ቢላት ምን ሆነ? ምራቁን ጠብቆ ቃሉን ተፋ። ያዕቆብን በመልእክቱ ያስጨነቀው ይኸው ነው፤ በአንድ አፍ እግዚአብሔርን እየባረክን በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው እንረግማለን፣ ምንጭ ግን ከአንድ ዓይን ጣፋጭና መራራ አያፈልቅም ይለናል። ሌሎቻችሁ በሌላ ሥርዓት ትቆርቡ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው።

ምን እናድርግ? ምክር አላበዛም። አንደኛ፣ ሐሜትን ገልብጡት፤ ሰውን በሌለበት አመስግኑት። ዘዋሪ ወሬ ክፉውን ብቻ ማድረስ የለበትም፤ «እከሌ እኮ ስላንተ እንዲህ ሲል ሰማሁ» የምትባል ምስጋና ሁለት ሰው ታስታርቃለች። ሁለተኛ፣ ተግሣጽ ካላችሁ ጌታ እንዳስተማረው መጀመሪያ ለብቻው ይሁን፤ ምስጋና ካላችሁ ሰው ባለበት ይሁን። እኛ አዘውትረን የምናደርገው ግልባጩን ነው። ሦስተኛ፣ ለቅሶ ቤት ስትገቡ ቃላችሁን ቆጥቡ። የኢዮብ ወዳጆች ከሁሉ የተሻለ ያደረጉት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ጊዜ ነው። ጥፋታቸው የጀመረው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። «እግዜር ያጥናችሁ» በሉና ቁጭ በሉ፤ መቀመጣችሁ ይናገራል። አራተኛውን መጀመሪያ ላይ ነግሬአችኋለሁ፤ «እንዴት አደርክ» ስትሉ መልሱን ጠብቁ።

ልሰናበታችሁ ስል በርናባስን አንዴ ልመልሰው። ልስጥራ በምትባል ከተማ ሰዎች እሱንና ጳውሎስን አማልክት መሰሏቸው፤ በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ግን ዋና ተናጋሪው እሱ ስለነበረ ሄርሜን አሏቸው። ተናጋሪው ጳውሎስ ነበር ማለት ነው። የሐዋርያት ሥራን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብትፈትሹ በርናባስ ብቻውን የተናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ቃል በቃል አትገኝም። መከራቸው ይባላል፤ በምን ቃል እንደሆነ አልተጻፈም። ስለ ሳውል ተረከላቸው ይባላል፤ ንግግሩ ግን አልተቀመጠም። የመጽናናት ልጅ የተባለው ሰው ቃላቱ ጠፍተዋል። በእጃችን ያሉት ዋስ የሆነላቸው ሰዎች ናቸው፤ የአንደኛው መልእክታት፣ የሌላኛው ወንጌል።

የእኚያ የጎረቤታችን እናት ስም በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ልጃቸው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስም ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ። እሱ የመጣ ዕለት፣ እንግዳ ሞልቶ፣ እጄን ይዘው ፊቱ አቆሙኝና «አንተ በሌለህበት ድምፅህ እሱ ነበር» አሉት።

አሁን ደግሞ በእውነት ልጠይቃችሁ፤ እንዴት አመሻችሁ? አልቸኩልም፤ እጠብቃለሁ።